ከቀለሙ ስር የነበረው እንጨት

ጋሽ ስቱኮን እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። ዕድሜውን የፈጀው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የተጨፈለቀ መኪና ሲያቃና፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሲሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ፣ ቀለም ሲረጭ። ከጥፍሩ ስር የገባው ነጭ ዱቄት ለሠርግም ለለቅሶም አይለቅም። «የእኔ ስቱኮ ከሙሽራ ኩል ይበልጣል» ይላል ለደንበኞቹ፤ «እንባ አያስለቅቀውም።» ደንበኞቹም ይስቁና አዲስ የመሰለች መኪናቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችው ከመስኮቱ ስር ነው። እዚያ ተቀምጣ ግቢውንም፣ የግቢውን በርም፣ ከበሩ ማዶ ቁልቁል የሚታየውን ሐይቅም ታያለች። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ሰፈሩ «ትልቁ» እና «ትንሿ» ብሎ ነው የሚያውቃቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ቤት የወጡ አይመስሉም ነበር። ትልቁ የጫማውን ክር እንኳ አስሮ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ደግሞ የሚፈትሽ፣ ነገር ሳያመነዥግ የማይናገር ልጅ ነው። ትንሿ ደግሞ «ቀስ በይ» ካሏት ቀኑን ሙሉ የምታኮርፍ ነበረች። ደረጃ አትወርድም፤ ትዘላለች።

ጀልባዋ ቤታቸው የገባችው በትንሿ ጉትጎታ ነው። ከሐይቁ ማዶ አንድ ነጋዴ አሮጌ የእሽቅድምድም ጀልባ ይሸጣል ሲባል ሰማች፤ ከዚያ በኋላ አባቷ እንቅልፍ አላገኘም። ሄዶ አያት። ፋይበርግላስ ናት። አፍንጫዋ ሹል ነው፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ መልኳ እንደ አስኳል ቢጫ። ጋሽ ስቱኮ ዙሪያዋን ዞረ፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የኋላ ግድግዳዋን በቡጢ ደለቀው፣ ጎኗን በመዳፉ ዳበሰ።

«ደህና ናት» አለ።

ነጋዴውም «ባለሙያ ካለው እኔ ምን እጨምራለሁ!» ብሎ ቁልፉን ሰጠው።

መንዳት የተፈቀደው ለትልቁ ብቻ ነበር። አባትየው ሲያስተምረው እንዳየው፣ ልጁ መሪ ሲይዝ ሁለት እጁንም የማይለቅ፣ ሰው የሚዋኝበት አካባቢ ሲደርስ ሞተሩን ዝቅ የሚያደርግ ጠንቃቃ ነው። ትንሿ ከፊት ትቀመጥና ፀጉሯን ለነፋስ ትታ «ጨምር! ጨምር እንጂ! አያታችንን ነው እንዴ የጫንከው?» እያለች ትጮኻለች። እናትየው ከመስኮቷ ሆና ድምጿን ትሰማና ብቻዋን ትስቃለች።

አደጋው የደረሰው ነፋስ በሌለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሐይቁ ዳር ወደ ውሃው ዘልቆ የገባ፣ ጀልባዎች የሚታሰሩበት አሮጌ የድንጋይ ግንብ አለ። ትልቁ ግንቡ ጋ ሲቃረብ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ ግራ መታጠፍ ነበረበት። ጀልባዋ ግን አልታጠፈችም። ከነፍጥነቷ ሄዳ ግንቡን ወጋችው። ትልቁ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ተረፈ። ትንሿ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች።

ትልቁ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር። «መሪው እምቢ አለኝ። አዞርኩት እኮ አባዬ፤ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አልዞረችልኝም።»

ጋሽ ስቱኮ በማግስቱ ወርዶ ጀልባዋን አያት። አፍንጫዋ ተሰባብሯል። ከኋላ፣ የመሪውን የሽቦ ገመድ የሚይዘው ብረት ከነብሎኖቹ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከበው ይመለከቱ ከነበሩት ዓሣ አጥማጆች አንዱ ራሱን ነቀነቀና «በግጭቱ ነው የተነቀለው። እንዲህ ያለ ግጭት ምን ያስቀራል?» አለ። ጋሽ ስቱኮም አመነ። ማመን ቀለለው። ጀልባዋን እኮ አይቷታል፤ በእጁ ዳብሷታል፤ ደህና ናት ብሏል።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ትልቁ ክንዱ እንደታሰረ ከአባቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባዬ፣ መሪው...» ሲል አባትየው ብድግ አለ።

«ፍጥነት አታለለኝ በል! እህትህን ገድለህ ደግሞ በብረት ታሳብባለህ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሰማው ሁሉ ይዞት ወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ደረሰ፣ ሱቅ ደረሰ፣ ሐይቁ ዳር ደረሰ።

እናትየው ብቻ አልተቀበለችም። «ልጄ አይዋሽም» አለች። «አዞርኩ ካለ አዙሯል።»

«አንቺማ እናት ነሽ።»

«አንተስ ምንድን ነህ?»

ጋሽ ስቱኮ በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ።

አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ትልቁ አጥንቱ እንደገጠመለት አንድ ሻንጣ ይዞ ወጣና ለአባቱ የውሃ ሽታ ሆነ። ለእናቱ ግን አልጠፋም። ጋሽ ስቱኮ ይህን የሚያውቀው በስፌት መኪናዋ ድምፅ ነው። የመኪናው ድምፅ በድንገት ሲቋረጥና የሚስቱ ድምፅ ዝቅ ሲል፣ ከልጁ ጋር በስልክ እያወራች መሆኑ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ግቢ ይወጣል። አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቃትም። እሷም አንድ ቀን እንኳ አልነገረችውም።

ጀልባዋ ግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ በሸራ ተጠቅልላ ተቀመጠች። ሊሸጣት ሲል እናትየው ቁጣዋ ነደደ። «ልጄ ራሱ መጥቶ ሳያያት ማንም አይነካትም» አለች። እሱም ተዋት። ዓመታት በዚህ አለፉ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው፣ አንድ ሸራ የለበሰ ጀልባ።

ከዚያ እናትየው ታመመች። ሕመሟ ረጅም አልነበረም። ቀብሯ ላይ ትልቁ ከሕዝቡ ኋላ፣ ከዛፍ ጥግ ቆሞ ነበር። ጋሽ ስቱኮ አየው። ጢም አብቅሏል፣ ትከሻው አንደኛው ጎን ዘመም ብሏል። አባትየው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። መልሶ ሲያይ ከዛፉ ስር ማንም የለም።

ቤቱ ከዚያ ወዲያ ጭር አለ። ጋሽ ስቱኮ ጋራዡን ለሌሎች አስረክቦ ነበርና እጁ ሥራ ፈታ። አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚያከራየው ሰው በበሩ ሲያልፍ ሸራውን አየና ቆመ።

«ጋሼ፣ ያቺን ነገር ለምን አትጠግናትም? ከጠገንካት እኔ እወስዳታለሁ።»

«አርጅታለች።»

«አንተስ?» ብሎ ሳቀ ጀልባ አከራዩ። «ሁለታችሁም ትንሽ ቀለም ነው የሚያስፈልጋችሁ።»

ጋሽ ስቱኮ ያን ቀን ሸራውን ገፈፈ። አትንካ የሚለው ሰው አለመኖሩ ራሱ ሆዱን አባባው።

በአፍንጫዋ ጀመረ፤ ይህ የሚያውቀው ሥራ ነው። የተሰባበረውን ቆርጦ ጣለ፣ ጠርዙን ፈተገ፣ የፋይበር ጨርቁን ሬዚን በሚባለው ማጣበቂያ ፈሳሽ እየነከረ ድርብ በድርብ ለጠፈ። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በቀዳዳው ሁሉ የሚገባውን የፋይበር ብናኝ እያከከ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ። አፍንጫዋ ሲያልቅ ወደ ሆዷ ወረደ። በመዶሻ እጀታ ወለሏን እየመታ ሄደ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ጤነኛ ድምፅ ነው። መሃሏ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ቧ። ደግሞ ቧ። የበሰበሰ ዱባ የመታ መሰለው።

እንዲህ ያለች ጀልባ ከላይ ሲያዩዋት ፋይበርግላስ ብቻ ትመስላለች እንጂ፣ በሁለት ስስ የፋይበር ሽፋኖች መሃል እንጨት አላት። ጥንካሬዋ እሱ ነው። ውሃ በአንዲት የብሎን ቀዳዳ ከገባ መውጫ የለውም፤ እዚያው እንደተዘጋበት እንጨቱን ዓመት ከዓመት ይበላዋል፤ ውጪዋ ግን ያብረቀርቃል። ጋሽ ስቱኮ በመሰርሰሪያ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ያ ሁሉ ዓመት ከጣሪያ ስር ተቀምጣም ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣ። የረሱት የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ይሸታል።

የወለሉን ሽፋን በመቁረጫ ማሽን ከፈተው። ውስጡ የነበረው እንጨት አይባልም። በእጁ ሲዝቀው በጣቶቹ መሃል እየተንሸራተተ ወደቀ። ከወለሉ ስር ርዝመቷን ይዘው የሚሄዱት ወራጆችም እንደዚያው ናቸው። እየቆረጠ፣ እየዛቀ፣ በባልዲ እያወጣ ወደ ኋላ ሄደ። ጀልባ አከራዩ ሊጎበኘው መጥቶ አጮልቆ ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ። «ጋሼ፣ ይቺማ ሆድ ዕቃ የላትም!»

«አለቀች አልልም» አለ ጋሽ ስቱኮ። «የኋላ ግድግዳዋን ገና አላየሁም።»

የኋላውን ግድግዳ የከፈተው በማግስቱ ነው። የመሪው ብረት የተነቀለበትን ቦታ ዙሪያውን ቆርጦ ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈንቅሎ አነሳው። አሁንም የበሰበሰ እንጨት ጠብቆ ነበር። ጣቱ ያገኘው ግን ደረቅና ለስላሳ ነገር ነው። በጥፍሩ ጫረው። ነጭ ዱቄት ወጣ።

ስቱኮ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ የነካውን ነገር እጁ አይስትም። አንድ ሰው የበሰበሰውን እንጨት ጎድጉዶ አውጥቶ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ፣ የመሪውን ብረት እላዩ ላይ በብሎን አስሮ፣ በቢጫ ቀለም አሳምሮ ሸጦለታል። ቀለሙ ያው ነው፤ ሲገዛት የነበራት ቀለም። የብሎኖቹን ቀዳዳዎች አየ። በግጭት የተነቀለ ብሎን እንጨት ሰንጥቆ፣ ስንጥር አንጠልጥሎ ይወጣል። እነዚህ ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ልሙጥ ነው፤ ብሎኖቹ ከሊጥ እንደሚወጣ ፀጉር ነው የወጡት። ልጁ መሪውን ባዞረ ጊዜ ገመዱ ብረቱን ሳበ፣ ብረቱ ከስቱኮው ተንሸራትቶ ወጣ፣ ሞተሩም ሳይዞር ቀረ፤ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ጋራዥ ውስጥ ስንቱን ሠራተኛ «ስቱኮ ፊት ያሳምራል እንጂ ብሎን አይዝም» እያለ ሲቆጣ ኖሯል።

ወለል በሌላት ጀልባ ውስጥ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ።

«ሰማሽ?» አለ ጮክ ብሎ። «አዙሮ ነበር!»

የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው። ለልጁም፣ ለሚስቱም፣ ለትንሿም ያላለቀሰው ሁሉ አንድ ላይ መጣበት፤ ጎረቤት ደንግጦ አጥር ላይ እስኪንጠለጠል ድረስ አለቀሰ።

ልጁ የት እንደሚኖር ያወቀው ከሚስቱ እህት ጠይቆ ነው። እሷም ብዙ አልተናገረችም። «ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው የሚሠራው» አለችው። «ስትሄድ ግን እንደ ድሮው አፍህን ይዘህ እንዳትሄድ።» ስቱኮውንና የበሰበሰውን እንጨት በፌስታል ቋጥሮ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ማጠቢያ ክፍሉ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። ትልልቅ ማሽኖች ያጉረመርማሉ፣ እንፋሎቱ ግድግዳውን አርሶታል፤ አንሶላው በጋሪ በጋሪ ተከምሯል። ትልቁ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አንሶላ ሲያጥፍ አገኘው። አንገቱን ቀና አድርጎ አባቱን አየና እጁ አንሶላው ላይ ቀረ።

«እንደምን ዋሉ?» አለ።

ጋሽ ስቱኮ «ዋሉ» የሚለው ቃል ደረቱ ላይ አረፈበት። ይህ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ አንተ እያለ ነው ያደገው።

«ደህና ነህ ወይ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ምን እግር ጣለዎት?»

አባትየው ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ሲለማመደው ነው የመጣው። አንዱም አልመጣለትም። ፌስታሉን ፈታና የያዘውን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። ንጹሑ አንሶላ ላይ ቡናማ እድፍ ተሰራጨ።

«ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ነው» አለ። «የመሪው ብረት ከታሰረበት።»

ትልቁ እንጨቱን አነሳው። ጨመቅ ሲያደርገው በመዳፉ ውስጥ ፈረሰ። ቀጥሎ ነጩን ቁራሽ አነሳ፣ አገላበጠው፣ እንደ አባቱ በጥፍሩ ጫረው።

«ስቱኮ ነው።»

«ስቱኮ ነው።»

«ከመግዛታችን በፊት የተሞላ?»

«ቀለሙ ያው የድሮው ነው። እላዩ ላይ አለ፤ እየው። ብሎኖቹ የታሰሩት እዚህ ውስጥ ነበር። አዙረህ ነበር ልጄ። መሪውን አዙረህ ነበር።»

አንዱ ማሽን ጨርሶ ጮኸ፤ የሚያጠፋው አልነበረም።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለ ትልቁ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። «እናቴ ከሞተች በኋላ? እኔ እኮ አመንኩህ! ይገባሃል? እማዬ አላመነችህም፣ እኔ ግን አመንኩህ። አባቴ ባለሙያ ነው፣ ደህና ናት ካለ ደህና ናት አልኩ። ከዚያ የራሴን እጅ መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት አላዞርኩም ይሆናል፤ ምናልባት ደንግጬ ወደ ቀኝ ይሆናል ያዞርኩት። አንተን አምኜ የገዛ እጄን ካድኩት! መኪና አልነዳም፣ አባዬ። የልጄን ብስክሌት ይዤ መሮጥ እንኳ እፈራለሁ።»

ጋሽ ስቱኮ ወቀሳውም ቢሆን «አንተ» ብሎ ስለመጣ እንደ ምርቃት ሊቀበለው ዝግጁ ነበር። የመጨረሻው ቃል ግን አቆመው።

«ልጅ አለህ?»

«አለችኝ።» ትልቁ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እማዬ ታውቃት ነበር። ቀሚስ ትሰፋላት ነበር። ስታድግ እንድንለቀው ብላ ጫፉን በሰፊው አጥፋ ነው የምትልከው። ዘንድሮ የመጨረሻውን እጥፋት ለቀቅነው።»

ጋሽ ስቱኮ ትንንሽ ቀሚሶቹን አስታወሳቸው። ከስፌት መኪናው አጠገብ ሲንጠለጠሉ አይቷቸዋል። የደንበኛ መስለውት አለፋቸው።

«ልጄ፣ ይቅር...»

«ተው» አለው ትልቁ። «ለእኔ ብቻ አይደለም የተናገርከው። ቤት ሙሉ ሰው ፊት ነው። መጀመሪያ ሂድና ለእነሱ ንገራቸው።» ከዚያ የቆሸሸውን አንሶላ ከጠረጴዛው ላይ ጎትቶ ወደ ጋሪው ወረወረው። የስቱኮዋን ቁራሽ ግን ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ጋሽ ስቱኮ እንደተመለሰ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን አዳረሰ። ባለሱቋ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ «ውይ ትንሿ፣ ነፍሷን ይማር፤ ግን ታማ አልነበረም እንዴ የሞተችው?» አለችው። «በግጭቱ ነው» ያለውን ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲጠግን አገኘው። ሽማግሌው ዓይኑን አጠበበ። «እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት? ኧረ አላስታውስም ወንድሜ።» ሌላዋ ጎረቤት «የቱ ልጅ? ወንድ ልጅ ነበራችሁ እንዴ?» አለች። ትልቁን ከቤቱ ያስወጣው ወሬ ከአውሪዎቹ አንዱ ዘንድ እንኳ አልተገኘም።

ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አልረሳም። ደንበኛውን ቁጭ አድርጎ፣ መቀሱን ይዞ አዳመጠ።

«አስታውሳለሁ» አለ። «ግን ጋሼ፣ እኛ ልጁን አላማነውም። ከአንተ አፍ ነው የሰማነው።»

በዚያው ቀን ልጁ ዘንድ ደወለ። ሊዋሸው ይችል ነበር፤ ሁሉም ተጸጽተዋል ሊለው ይችል ነበር። አልዋሸውም።

«ረስተውታል» አለው።

«ሁሉም?»

«አንዱ ያስታውሳል። ከእኔ እንደሰማው።»

ከስልኩ ወዲያ ሳቅ የሚመስል ነገር ተሰማ። ከዚያ ትልቁ «ማሽኑ ጨርሷል፣ ልብስ ላወጣ ነው» ብሎ ዘጋው።

ጋሽ ስቱኮ ወደ ጀልባዋ ተመለሰ። ሥራ ካላስያዘው ሐዘኑ ሊያሳብደው ነበር። ውስጧን እስከ ፋይበሩ ድረስ ጠርጎ አደረቃት። አዲስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ለክቶ ቆረጠ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ በሬዚን አጠጥቶ፣ በቦታው አጣብቆ፣ በፋይበር ጨርቅ ጠቀለለው። ለብሎን የሚበሳውን ቀዳዳ ሁሉ ሰፋ አድርጎ ይበሳል፣ በሬዚን ይደፍናል፣ ሲደርቅ ደግሞ በመሃሉ በድጋሚ ይበሳል፤ ውሃ ቢመጣ እንጨት እንዳያገኝ ነው። ስቱኮ የሚባል ነገር ግን አንዲት ጭልፋ አልነካም። ስለዚህ ጎኗ እንደ ድሮው እንደ መስታወት አልሆነም፤ ጎበጥ ሰርጎድ የሚል ሆኖ ቀረ።

ጀልባ አከራዩ ሲያያት ፊቱን አጨፈገገ። «ጋሼ፣ ይቺ ፈንጣጣ የነካት ምንድን ናት? አንተ አይደለህም እንዴ ሙሽራ የምታስንቀው?»

«ቆዳዋን ተወው» አለ ጋሽ ስቱኮ። «አጥንቷን ጠይቀኝ።»

በጋሪ አውርደው ውሃ ላይ ለቀቋት። ጀልባ አከራዩ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ጋሽ ስቱኮ ሳይሳፈር ከዳር ቀረ። ጀልባዋ መጀመሪያ አፍንጫዋን አነሳች፣ ቀጥሎ ዝቅ አለችና ውሃውን እንደ ጨርቅ እየቀደደች በረረች። ሩቅ ሄዳ ዞረች። ወደ ግንቡ መጣች፣ ቀረበች፣ እንደገና ቀረበች፤ ከዚያ ጀልባ አከራዩ በአንድ እጁ መሪውን ሲጠመዝዝ እንደ ዓሣ ወደ ግራ ታጥፋ አለፈች። ምንም አልሆነችም። ዳር ያሉ ሰዎች አጨበጨቡ።

ጋሽ ስቱኮ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ጣውላ፣ ትንሽ ሬዚን፣ የአንድ ሰው ሁለት እጅ። ያኔ ሲገዛት በቡጢ ደልቆ ከሚያልፍ፣ አንዲት ቀዳዳ በስቶ ቢያይ ኖሮ፣ ትንሿ በኖረች። «ይቺን ታህል ነበረች እንዴ?» አለ። «ይቺን ታህል?» ጀልባ አከራዩ ከውሃው ሲወጣ ሰማውና ስለ ጀልባዋ የሚያወራ መሰለው። «ትንሽ ብትሆንም እሳት ናት!» አለው በደስታ። ጋሽ ስቱኮ የጀልባዋን ቁልፍ ለእሱ ተወለትና፣ ተመልሶ ሳያያት ዳገቱን ወጣ።

ወራት ካለፉ በኋላ አንዲት ሴት ደወለችለት። «የልጅዎ ሚስት ነኝ፣ አባባ» አለች። «ልጅቷ ስለ አያቷ እየጠየቀችን ነው። እሁድ ቢመጡ ደስ ይለናል።» ቆይታ ጨመረች፣ «እሱም ያውቃል።»

ሄደ። ጠባብ ቤት ነው፣ ንጹሕ፤ ከመስኮቱ ውጪ የልብስ ማስጫ ገመድ ይታያል። ትልቁ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለውና ወንበር ሳበለት። ምሳ ሲበሉ ስለ አውቶቡሱ ተነጋገሩ፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ልጅቷ ከእንግዳው ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው ቆየች።

«አንተ የማን አባት ነህ?» አለችው።

ጋሽ ስቱኮ ማንኪያውን አስቀመጠ። መልሱን ያውቀዋል፤ ግን የእሱ መልስ አልመሰለውም። ወደ ልጁ አየ።

ትልቁ ማኘኩን አቆመ። «የእኔ» አለ።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ተሰማ፤ የሚታጠብ ዕቃ ድምፅ ግን የለም፤ ውሃው ብቻ ለረጅም ጊዜ ወረደ። ሚስቱ ልትነሳ ስትል ጋሽ ስቱኮ በእጁ «ተይው» አላት። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ሁለቱን በየተራ ታያለች።

ትልቁ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰና ምሳውን ጨረሰ። ስለ ትንሿ ያን ቀን አልተነሳም፤ ከዚያም ወዲያ አልተነሳም። ሲሸኘው እስከ አውቶቡሱ አብሮት ሄደ፤ አልተቃቀፉም።

በሚቀጥለው ሲመጣ በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት። «አባዬ ሥራ ነው» አለችው። «ጠብቀው ብሏል።»

ገብቶ ተቀመጠና ጠበቀው።